የሰማያዊቷ ፔጆ ተተኪ

ኢዮስያስ ሰማያዊቷን ፔጆ መፍታት የጀመረው በ2074 ዓ.ም. ግንቦት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በድሬዳዋ ደጅ ሆኖ መሥራት የሚቻለው ከዚያ ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ፀሐይ ሰው ስለሚገድል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ጡሩምባው ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስም መንገድ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። ልጆች «የቤት ሰዓት» ይሉታል። ድሮ ቀትር ይባል እንደነበር የሚያስታውሱት እንደ ኢዮስያስ ስልሳን የዘለሉ ሰዎች ናቸው።

ፔጆዋን እሱና ሚስቱ ሶሊያና ያገኟት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሊፈርስ በተቃረበ ግቢ፣ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነው። ጎማ የላትም፣ መስታወት የላትም፤ ወለሏን ዝገት በልቶት መሬቱ ይታያል። ኢዮስያስ ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጥገና ክፍል የሠራ ሰው ስለሆነ ብረት አይፈራም። ሶሊያና ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅ አልወለዱም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሱ ሲበይድ እሷ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ፣ እሱ ካምቢዮ ሲያወርድ እሷ የወንበሩን ልብስ ስትሰፋ፣ መኪናይቱን ከአፈር አነሷት። ተሠርታ ስታልቅ ቤንዚን መሸጥ ከቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። መንገድ የምትወጣ መኪና እንዳልሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤታቸው ረምዚ ከበሰበሰ ማንጎ በሚያወጣው አልኮል፣ ኢዮስያስ ሞተሯን ለሦስት ደቂቃ ያስነሳታል። የሰፈሩ ሰው አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣል። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች የሞተር ድምፅም መሪም ስለሌላቸው፣ የሚጮህ ሞተር መስማት እንደ ቅንጦት ይቆጠር ነበር።

የሶሊያና ኩላሊት ሥራ ያቆመው ከዚህ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የጋራ ተሽከርካሪ መጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የእጥበት ማዕከል ይወስዳታል፤ ይመልሳታል። የማዕከሉ በር የሚከፈተው ለተሽከርካሪ ነው። ተሽከርካሪው ማንን እንደያዘ ለበሩ ይነግረዋል፤ በሩ ለአልጋው ይነግረዋል፤ አልጋውም ይከፈታል። እንዲህ ሲሄድ ቆይቶ በሚያዝያ መጨረሻ፣ አሮጌ መኪኖችን ሁሉ በአዲሶቹ ከሚያስለውጠው ከመተካት ጽሕፈት ቤት መልእክት ደረሳቸው። ቤተሰቡ በስሙ ያልተተካ ተሽከርካሪ ስላለው፣ የጋራው አገልግሎት ከሰኔ አሥራ አምስት ጀምሮ ይቋረጣል ይላል። አሮጌውን አስረክቦ ተራ የሚጠብቅ ሰው አዲሱን በአሥራ አራት ወር ያገኛል። በራሱ እጅ ፈትቶ፣ አካሏን ብቻ አስቀርቶ፣ በላኩለት ዕቃ ተተኪዋን ራሱ የሚሠራ ደግሞ በአርባ ቀን ይጨርሳል።

«አሥራ አራት ወር እኔ አልቆይም» አለች ሶሊያና። የልብስ ልክ የምትናገር ነበር የሚመስለው። «በል፣ ፍታት።»

«ለማንም ሰጥተን ስማችንን ብናጠራስ?»

«ማን ይወስዳታል? የወሰዳትም ሰው የእኛ ዕጣ ነው የሚገጥመው። እኔ ወንበር አውጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ብሎኑን በየዓይነቱ እለይልሃለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። መጀመሪያ ኮፈኑን አነሱ፤ ከዚያ ራዲያተሩን፣ ከዚያ በሮቹን። መስታወቶቹን አውርደው በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለሉ። የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ የምትመዘግብ ኢክራም የምትባል ተቆጣጣሪ ትመጣ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መጋላ ተወልዳ ያደገች፣ ጃንጥላዋን ከእጇ የማትለይ፣ ትሑት ልጅ። እሷ ሳታይ አንድ ብሎን ከግቢው አይወጣም።

ሞተሩ በሚወርድበት ዕለት ሶሊያና ባሏን «አንዴ አስነሳት» አለችው።

ኢዮስያስ ወደ ኢክራም ዞረ። ኢክራም ሰዓቷን አየች፤ ጃንጥላዋን አጠፈች።

«እኔ ገና አልደረስኩም» አለች። «መንገድ ላይ ነኝ። ሦስት ደቂቃ ይቀረኛል።» ወጥታም ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

ሞተሩ ተነሳ። ረምዚ ፎጣውን አገልድሞ መጣ፤ ሌሎችም መጡ። አጥሩን ተደግፈው አዳመጡ። ኢዮስያስ እጁን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ቆይቶ አጠፋው። ኢክራም በሩን አንኳኩታ እንደ አዲስ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። እሱም ብሎኖቹን ማላላት ጀመረ።

በመጨረሻ የቀረው መሪው ነበር። ኢክራም መመሪያውን ከሰሌዳዋ ላይ አነበበችለት። መሪው ይነቀላል፤ የመሪው ዘንግ ይቆረጣል፤ የሚቆርጠውም ባለቤቱ ነው።

«ለምን እኔ?» አላት።

«እንደዚያ ነው የተጻፈው። በገዛ እጁ የቆረጠ ሰው መልሶ አይቀጥልም ይላሉ።»

ኢዮስያስ መጋዙን አንስቶ ቆረጠ። አራት ጣት የምትሆን ጉማጅ ቀረች። ኢክራም ጉማጇን አይታ ምንም አልጻፈችም።

ተተኪውን ለመሥራት ሃያ ሁለት ቀን ፈጀበት። ባትሪውን ከወለሉ ሥር ዘረጋ፤ የተላኩትን ትንንሽ ሞተሮች በየጎማው አሰረ፤ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አዞረ። ከዕቃው ጋር የተላከውን፣ ተሽከርካሪውን የሚነዳውንና የሚያናግረውን አመድማ ሳጥን ሞተሯ በነበረችበት ቦታ አስቀመጠው፤ ኢክራምም በአራት ማኅተም ዘጋችው። ከዚያ ቀን በኋላ ኢዮስያስ መኪናውን «እሷ» ብሎ ጠርቶ አያውቅም።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ኢዮስያስ» አለ ተሽከርካሪው መጀመሪያ ሲነሳ። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶሊያና።»

ሶሊያና ሳቀች። ድሬ ውስጥ ልጁ አዋቂውን፣ ደሃው ሀብታሙን «አንተ» ነው የሚለው፤ በሕይወቷ ሙሉ «እርስዎ» ያላት ሰው ትዝ አይላትም። «ሰማህ?» አለችው ባሏን። «በስተርጅና አከበሩኝ።»

ክረምቱንና መስከረምን በደህና ተመላለሱ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተሽከርካሪው ራሱ ይነሳል፤ በሩን ይከፍታል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ «ዛሬ እንዴት ይሰማዎታል?» ሶሊያና ደግሞ ወሬ ወዳድ ናት። ያየችውን ሕልም፣ የእግሯን እብጠት፣ የጎረቤት ጠብ ሁሉ ትነግረዋለች። ኢዮስያስ መስኮት መስኮቱን ያያል።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ፣ እጥበቱ አንገላቷት ሲመለሱ ጥያቄው መጣ።

«ደክሞኛል» አለችው። «አንዳንዴማ ቢቀርብኝ እላለሁ።»

«ስለነገሩን እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ሶሊያና» አለ ተሽከርካሪው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ዕለት አልተነሳም። ሦስቱ ቀን ሁለት መሆኑን የሚገልጽ መልእክት በሩ ላይ በራ፤ «ከታካሚዋ ፍላጎት ጋር የተጣጣመ» ይላል። ሶሊያና የራሷን ቃል አስታወሰች። ከዚያ ወዲያ ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ብቻ እያለች ሌላ ቃል አትጨምርም ነበር። ዝምታዋም ተመዘገበ። በታኅሣሥ ሁለቱ ቀን አንድ ሆነ። በጥር፣ በቀረችው አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ በሩን ሊከፍት ኢዮስያስ ሲጠጋ ተሽከርካሪው እንዲህ አለ፤ «የዛሬው ጉዞ አልጸደቀም። መልካም ዕረፍት ይሁንልዎ።»

ኢዮስያስ መተካት ጽሕፈት ቤት ሄደ። ያገኘው ኢክራምን ነው። ሰሌዳዋን አዞረችለትና አሰማችው። ድምፁ የሶሊያና ነው። ቢቀርብኝ እላለሁ ትላለች።

«ምሬት ነው'ኮ» አላት። «ሰው ሲመረው የሚለው ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። እናቴም እንደዚያ ትላለች።» ኢክራም ቀና ብላ አላየችውም። «ተቃውሞ አስገባልሃለሁ። በሃያ አንድ ቀን ይታያል።»

«ሃያ አንድ ቀን?»

«ከዚያ በታች የለም።»

በሦስተኛው ቀን ሶሊያና ተጋድማ መተንፈስ አቃታት። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠበበ። ኢዮስያስ ሌሊቱን ሙሉ ትራስ እያስደገፋት አደረ። ሊነጋጋ ሲል መፍቻውን ይዞ ወጣና የሳጥኑን አራት ማኅተሞች በጠሰ።

ረምዚ በአጥሩ ላይ አየው። «እሱን መንካት ያስቀጣል» አለው።

«ከዚህ ወዲያ ምን ይቀሙኛል?»

ረምዚ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጫማውን አድርጎ መጣ፤ ሁለት ጎረቤቶችም አስከትሎ ነበር።

ሳጥኑ ሲወጣ የጎማዎቹ ፍሬን ለቀቀ። መኪናው ይገፋል እንጂ የሚመራው ነገር አልነበረውም። ኢዮስያስ ከዘንጉ በተረፈችው ጉማጅ ላይ ትልቁን የቱቦ መፍቻ አጥብቆ አሰረ፤ የፊቱን ወንበር ወደ መንገዱ መልሶም ሶሊያናን አስቀመጣት።

«ይህን ያዢ። ወደ ግራ ስልሽ ወደ ግራ ጎትቺ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ስፈትጋት ኖሬ» አለች እያለከለከች፣ «ዛሬ ነው የነዳኋት።»

ስድስት ኪሎ ሜትር ገፏት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቀላል ነበር። የደቻቱን ድልድይ ሲወጡ ግን ረምዚ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ተነስቶም ትከሻውን መልሶ ሰጠ። ሶሊያና መፍቻውን በሁለት እጇ ይዛ ከመንገዱ አልወጣችም። የሚያልፏቸው ተሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ለሁለት ተከፍለው በጎንና በጎን ያልፋሉ። ተሳፋሪዎቹ አንድ አፍታ ዞር ብለው ያያሉ፤ ወዲያው መስታወቱ በራሱ ይጨልማል። ይህ የሚደረገው ተሳፋሪ እንዳይረበሽ ነበር።

ማዕከሉ በር ላይ የደረሱት ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። በሩ ዝም አለ። ዘበኛው ከዲር ከጎጆው ወጣ።

«መኪናው ለምን አይናገርም?»

«አይናገርም» አለ ኢዮስያስ። «ሰዎቹ ግን ይናገራሉ። ሚስቴ ታማለች።»

«ወንድሜ፣ መኪናው ካልተናገረ ለበሩ ማንም አልመጣም።» ከዲር መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሶሊያናን አየ። በዚህ መሃል የአራት ሰዓቱ ጡሩምባ ተነፋ። ከዲር ወደ ሰማዩ አየ፤ ወደ ገፊዎቹ አየ። ከዚያ ቆሻሻ የሚወጣበትን ትንሽ የጎን በር በቁልፉ ከፈተ። «ሁላችሁም ግቡ። መኪናው እዚያው ይቅር።»

ውስጥ አሥር አልጋ ነበር፤ ለሶሊያና የሚከፈት ግን አልነበረም። ነርሱ፣ ናትናኤል የሚባል ቀጭን ሰው፣ ሦስቴ ሞክሮ እጁን አወረደ። «ስሟ አልተላከም። አልጋው አይቀበላትም።»

በሁለተኛው አልጋ ላይ ነኢማ ተኝታ ነበር። ነኢማ ሳቢያን ውስጥ እህል ስትነግድ የኖረች፣ ሰባ የሞላት ባልቴት ናት፤ ሁለት ዓመት ከሶሊያና ጎን ለጎን እየታጠቡ ያላወሩት ነገር የለም። በክርኗ ተነሳች።

«ሁለት ሰዓት ይቀረኛል» አለች። «የእኔን ንቀልና እሷን አስተኛት።»

«አልጋው ያውቃል» አላት ናትናኤል።

«ይወቅ።»

ናትናኤል ቱቦዎቹን በአዲስ ቀይሮ ሶሊያናን በነኢማ አልጋ አስተኛት። ኢዮስያስ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሚስቱ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ሲረጋ ሰማ። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነኢማ ወንበር ላይ ሆና የሶሊያናን እግር ትዳብስ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሲወጡ መኪናው ከበሩ ላይ የለም። ጽሕፈት ቤቱ ወስዶታል። ሶሊያናን በየተራ አዝለው ወደ ቤት መለሷት።

ያ ሁለት ሰዓት አሥራ አንድ ቀን ሰጣት። በስምንተኛው ቀን ከዲር ፈረቃውን ጨርሶ በእግሩ መጣና ወሬ ነገራቸው። አልጋው አውቆ ነበር። ነኢማ ሁለት ሰዓት ሳትታጠብ መኖር መቻሏ ተመዝግቦ፣ ከሦስቱ ቀን ሁለቱ ተሰርዞባታል። ኢዮስያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሶሊያና ግን ሻይ አቅርብለት አለችና እንግዳውን ስለ ልጆቹ ጠየቀችው።

ከዲር ሲሄድ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ስማኝ። እኔ ውሳኔውን አልደርስበትም።»

«ትደርሺበታለሽ።»

«አታቋርጠኝ፤ ትንፋሽ የለኝም። ስሞት ስሜን ከመዝገቡ አታዘጋው። ለማንም አትናገር። ተቃውሞው እሺ ከተባለ ሦስቱ ቀን ለነኢማ ይሁን። ይህን አምባር ትሰርላታለህ።» የታካሚ አምባሯን አሳየችው። ተሽከርካሪው ሰውን የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ለበሩም የሚነግረው ከእሱ ያነበበውን ነው።

«እንዴት አድርጌ ልቅበርሽ ታዲያ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለችው።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ አረፈች። ኢዮስያስና ረምዚ መኪናይቱ ትቆምበት በነበረው መሬት ላይ ቆፈሩ። የዓመታት ዘይት ጠብ ብሎበት አፈሩ ጠቁሯል፤ ሲቆፈር ግን ለስላሳ ነበር። አንድ የሚያምኑት ቄስ መጥተው ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱላት። ድንኳን አልተተከለም። ሙሾ አልወረደም። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየገቡ አፈር ጨምረው፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አራት ሰዓት ሲሆን ጡሩምባው ተነፋና ኢዮስያስ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ምሽት ድረስ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ቆየ። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ፈርቶ ነበር፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም።

በሃያ አንደኛው ቀን ውሳኔው መጣ። ተቃውሞው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ወይዘሮ ሶሊያና በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባሉ። በማግስቱ ኢክራም ተሽከርካሪውን አምጥታ ሳጥኑን እንደገና አተመችው። ስትጨርስ ዓይኗ ግቢው መሃል አዲስ የተደለደለው አፈር ላይ አረፈ።

«ሶሊያናስ?» አለች።

«ተኝታለች።»

ኢክራም አፈሩን አየች፤ የኢዮስያስን ያልተላጨ ፊት አየች። ሰሌዳዋ ላይ ታካሚዋ በአካል መታየቷን የሚጠይቅ መስመር ነበር። ምልክት አደረገችበት።

«እንግዲያው አልረብሻትም» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሰፈር የመጣው ሌላ ተቆጣጣሪ ነው።

ነኢማ ኢዮስያስ ልኮባት ሰኞ ማታ መጥታ ከረምዚ ሚስት ጋር አደረች። ማክሰኞ ማለዳ ኢዮስያስ የሶሊያናን አምባር በእጇ አሰረላትና አብረው ተሳፈሩ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶሊያና» አለ ተሽከርካሪው።

ኢዮስያስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ደህና አድሬያለሁ» አለች ነኢማ።

«ዛሬ እንዴት ይሰማዎታል?»

«መታከም እፈልጋለሁ» አለች፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ እህል እየሰፈረች እንደምትቆጥር። «መኖር እፈልጋለሁ። አልደከመኝም።»

«አቶ ኢዮስያስ፣ እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ» አለ።

ነኢማ ታጥባ ሲመለሱ ከቤት ሰዓት በፊት ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። ከተሽከርካሪው እንደወረዱ ነኢማ በምልክት አስከትላው በቤቱ ጀርባ ዞረች፤ የጀርባው ግንብ ሥር፣ ድምፅ ተሽከርካሪው ጋ የማይደርስበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ እንዲቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረገችለት።

«ልቅሶ አልደረስኩህም» አለችው። «አላህ ሰብሩን ይስጥህ። አላህ ይማራት።»

ኢዮስያስ ያኔ አለቀሰ። ነኢማ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ጠበቀችው።

«እኔ የማውቃት በአልጋ ላይ ነው» አለች ሲረጋጋ። «አሁን በስሟ እጠራለሁ። ጤነኛ ሳለች ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ንገረኝ።»

ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። «ስትሰፋ ታፏጭ ነበር» አላት በመጨረሻ። «ፉጨት ግን አትችልም። ዜማው ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ተይ አልላትም…»

ጡሩምባው እስኪነፋ ነገራት። የቀረውን ለሐሙስ አሉና ተነሱ።